ታንከሩ ላይ ያረፈችው የሥራ አስኪያጁ እጅ

አንድ መሪ በሁሉም ቦታ መገኘት አለበት። በሁሉም ቦታ መገኘት ካልቻለ ደግሞ በሁሉም ፎቶግራፍ ላይ መገኘት አለበት። ይህ ታላቅ የአመራር መርህ በየትኛው ሊቅ እንደተደነገገ አይታወቅም፤ በከተማው የውሃ ጽሕፈት ቤት በሥራ ላይ ያዋሉት ግን የተከበሩት ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ምስጋናውም ሙሉ በሙሉ ለእሳቸው ይገባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለነዋሪው ሁሉ ውሃ ያዳርሳል የተባለለት ታላቁ ታንከር ተሠርቶ አለቀና የምረቃ ቀን ተቆረጠለት። ሥራ አስኪያጁም ለዕለቱ ብለው አዲስ ሙሉ ልብስ ገዙ። ኮቱ እንደ ሥልጣናቸው ሰፊ ነበር፤ ሱሪው ግን ከእሳቸው ቁመት ጋር ፈጽሞ ሊስማማ አልቻለም። በምረቃው ጠዋት ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄዱ፤ ሱሪያቸውን አውልቀው ሰጡና ከመጋረጃው ጀርባ ቆሙ። ልብስ ሰፊው አንዱን እግር አሳጥሮ ወደ ሌላው ሊሻገር ሲል መብራት ጠፋ። አንድ እግሩ አጭር፣ አንድ እግሩ ረጅም ሱሪ ለብሶ ሪባን መቁረጥ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ ያበላሻል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤታቸውን ክብር አስቀድመው በውስጥ ሱሪ እንደቆሙ ቀሩ፤ ታንከሩም በምክትላቸው እጅ ተመረቀ።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በዚያው ሰሞን ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ከፍ ያለ ወንበር ክፍት ሆኖ ነበር። ለወንበሩ የሚታጨው «ሥራን መሬት ወርዶ በአካል የሚከታተል» ኃላፊ ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ከተመኙት ቆይተዋል፤ በሕልማቸው ተቀምጠውበት መሽከርከሩን ሁሉ ሞክረውታል። ታንከሩንም «ቦታው ድረስ ሄጄ፣ በዓይኔ አይቼ ተረክቤያለሁ» ብለው ከፈረሙ ሰንብተዋል። የቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማየታቸው ራሱ የሚታይበት ፎቶግራፍ።

መቀስን አስጠሩት። መቀስ የመሥሪያ ቤቱ ፎቶ አንሺና አቀናባሪ ነው። ይህን ስም ያገኘው ከሥራ የተሰናበተን ሰው ሁሉ ከየግድግዳው ፎቶ ላይ ቆርጦ በማውጣት ችሎታው ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ነው።

«እንዳልነበርኩ ታውቃለህ» አሉት።

«የት ጌታዬ?»

«ምረቃው ላይ ነዋ።»

«ኧረ ነበሩ! ገና አላስገባሁዎትም እንጂ።»

ሥራ አስኪያጁ በዚህ መልስ ልባቸው ተነካ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ወዴትም አይወድቅም ብለው አሰቡ።

መቀስ ምረቃውን በራሱ ካሜራ አላነሳም። አለቃው ያልተገኙበት ነገር እንደተፈጸመ አይቆጠርም ብሎ ስለሚያምን ያን ዕለት ከቢሮው ንቅንቅ አላለም። ያለው አንድ ፎቶ ምክትሉ በስልኩ ያነሳው ነበር። ምክትሉ የታንከሩን ግንባታ ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ ብቻውን የተቆጣጠረ ትጉህ ሰው ነው፤ ፎቶውን ያነሳውም ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ አፈር ላይ በደረቱ ተኝቶ ነው እየተባለ ለሥራ ያለው ፍቅር ይወራለታል። በፎቶው ላይ ታንከሩ እንደ ግንብ ደመናውን ሊወጋ ደርሷል። ሕዝቡ ከኋላ እጅግ ርቆ፣ እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ይታያል። ክዳኑ ላይ አንዲት ቁራ ቆማለች።

ይህን የሚመረምር ኮሚቴ ወዲያው ተቋቋመ። አባላቱ ሥራ አስኪያጁ፣ ምክትላቸውና መቀስ ሲሆኑ፣ ድምፅ የመስጠት መብት ያላቸው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነበሩ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ሥራ አስኪያጁ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብለው፤ «ይቺ ቁራ ምነው በግ አከለች?»

ምክትሉ ከወንበሩ ተስፈነጠረ። «ልክ ብለዋል ጌታዬ! ከታንከሩ ጋር አትመጣጠንም። አሁኑኑ ትጥፋ!»

ኮሚቴው ቁራዋ የመሥሪያ ቤቱን ስኬት ለማሳነስ ሆን ብላ የተጋነነች መሆኗን በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ። መቀስ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርግ ቁራዋ ከታሪክ ወጣች።

ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁን ማስገባት መጣ። መቀስ ባለፈው ዓመት አዳራሽ ውስጥ ንግግር ሲያደርጉ ያነሳቸውን ፎቶ አወጣ።

«እንዲህ ነው ጌታዬ» አለ፤ «ሁለት ፎቶ ሲጋባ መጀመሪያ የሚታየው ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ከተነሳ ሰውዬው ተንጋዶ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። እርስዎን ያነሳሁዎት ከመድረኩ ሥር ሆኜ፣ ወደ ላይ አንጋጥጬ ነው። ታንከሩም ከታች ወደ ላይ ነው የተነሳው። ግጥም ይላሉ! የቀረን መጠኑ ነው።»

«መጠኔ እንዴት ይወሰናል?»

«አጠገብዎ ባለው ነገር ነዋ።»

መቀስ ምስላቸውን ጎትቶ አመጣና ከታንከሩ ሥር አቆማቸው። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ወልውለው እንደገና አደረጉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ቡሎን መስሎኝ!»

«ጌታዬ» አለ ምክትሉ፤ «እንዲያውም በዛ። ታንከሩ እኮ ግዙፍ ነው፤ ትንሽ ቢቀንሱለትስ?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ምክትላቸው ቀስ ብለው ዞሩ።

«ልቀንስ?»

እዚህ ላይ ለምክትሉ ምስጋና መንፈግ አይገባም። በዘመኑ ሁሉ ስለ ልክ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ያን ዕለት ስለ ልክ ተሟገተ። ፎቶ የሕዝብ አደራ መሆኑን፣ ሰውና ታንከር እንደየመጠናቸው ካልቆሙ እውነት እንደሚዛባ ላቡ እየወረደ አስረዳ። እንዲህ ያለ የእውነት ጠበቃ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። ሥራ አስኪያጁ ግን ሰው ያውቃሉ፤ ይህ ሁሉ ላብ ያለ ምክንያት እንደማይወርድ ገባቸው። ምክንያቱንም ወዲያው አገኙት። ምክትሉ ቀንቷል።

«በዚህ ቤት ሰው የሚለካው በማዕረጉ ነው» አሉ፤ «አሳድገኝ!»

መቀስ አሳደጋቸው። ምክትሉ «በዛ» ባለ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ ግማሽ ክንድ ይጨምራሉ፤ እሳቸው በጨመሩ ቁጥር ምክትሉ ይገረጣል። በመጨረሻ ታንከሩ ደረታቸው ላይ ሲደርስ «እዚህ ጋ ያዘው» አሉ።

«እጄንም ጫን አድርግልኝ ክዳኑ ላይ። የአባትነት ስሜት ይሰጣል።»

መቀስ ራሱን አከከ። «እጅዎ ካረፈበትማ ሁለታችሁም ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ ቆማችኋል ማለት ነው። ራቅ ብለው ወደ ካሜራው ቢቀርቡ፣ የቅርብ ነገር ስለሚተልቅ ማንም አይጠይቀንም ነበር።»

«አዎ! ይራቁ!» አለ ምክትሉ በልመና ድምፅ፤ «እባክዎ ጌታዬ፣ ትንሽ እንኳን ከታንከሩ ይራቁ!»

«ከሕዝብ ንብረት አታርቀኝ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። እጃቸው ክዳኑ ላይ አረፈች፤ ስብሰባውም በስኬት ተጠናቀቀ።

ማታ ፎቶውን አሳትመው ቤታቸው ይዘው ገቡ። ባለቤታቸው አገላብጠው አዩት።

«አምሮብሃል» አሉ፤ «ይሄ የተደገፍከው በርሜል ምንድን ነው?»

«በርሜል? ታንከሩ እኮ ነው!»

«የማን ታንከር?»

«የከተማው ሁሉ!»

«ውይ፣ ምስኪን ከተማ» አሉ ሴትዮዋ፤ «ደግሞ መቼ ሄድክና? ያን ቀን ልብስ ሰፊው ቤት ያለ ሱሪ ቆመህ አልነበር እንዴ?»

«አንቺ ስለ ምጥጥን ምን ታውቂያለሽ?» ብለው ፎቶውን ቀሟቸው። ያን ምሽት ቅር እንዳላቸው ተኙ። ደግሞም ቤተሰብ የታላቅነት የመጀመሪያው ጠላት እንደሆነ የታወቀ ነው።

ፎቶው ለዋናው መሥሪያ ቤት ተላከ። መልስ በወረቀት ሳይሆን በሰው መጣ፤ አንዲት ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ተቆጣጣሪ። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ራሱ እግር አውጥቶ የመጣላቸው መስሏቸው በደስታ ተቀበሏት።

«ይህ ፎቶ እውነተኛ ነው?» አለች።

«እንዴታ!»

«ታንከሩ አጠገብ በአካል ቆመው ነበር?»

«እጄ ራሷ ትመስክር! ክዳኑ ላይ ናት እኮ።»

«ጥሩ። ቁመትዎ ስንት ነው?»

ጥያቄው የሹመት መስፈርት መሰላቸው። «ሜትር ከሰባ አምስት» አሉ፤ የልብስ ሰፊውን ምስክርነት ወደ ጎን ትተው።

ተቆጣጣሪዋ ማስመሪያዋን ፎቶው ላይ አጋደመች። «እንግዲህ ታንከሩ ሜትር ከሠላሳ ገደማ ነው። እኛ የከፈልነው ለአሥራ ሁለት ሜትር ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን አዩት። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ጊዜም ታንከሩን አላዩትም ነበር፤ ዓይናቸው ሁልጊዜ የሚያርፈው ራሳቸው ላይ ነበር።

«ቆይ... ሜትር ከዘጠና ሳልሆን አልቀርም» አሉ።

«ታንከሩ አንድ ሜትር ከአርባ ይሆናል።»

«ሁለት ሜትር!»

«ጌታዬ፣ ታንከሩን አሥራ ሁለት ሜትር ለማድረስ ብዙ ይቀርዎታል።»

ላባቸው መጣ። አሁን ነበርኩ ካሉ ታንከሩ በርሜል ሆነ፤ አልነበርኩም ካሉ ፊርማቸው ውሸት ሆነ። ቢያንስ ታንከሩ ይትረፍ ብለው ሁለተኛውን መረጡ።

«እውነቱን ልንገርሽ ልጄ» አሉ፤ «አልነበርኩም። ሱሪዬ... ብቻ አልነበርኩም። ፎቶው ቅንብር ነው። እኔ ነኝ የተጋነንኩት፤ ታንከሩ ንጹሕ ነው! ምክትሌን ጠይቂው፤ ይቀንሱ፣ ይራቁ እያለ ሲለምነኝ ነበር። ምቀኛ ብዬው! ለካስ ከሁላችን እሱ ነበር እውነተኛው።»

ምክትሉ እንዲመጣ ተላከበት፤ ሆዱን አሞት በኋላ በር ወጥቷል ተባለ።

«እንግዲያው ሄደን እንየው» አለች ተቆጣጣሪዋ፤ በር ላይ ወደቆመው መቀስም ዞራ «አንተም ካሜራህን ያዝ» አለችው።

መኪናዋ አንድ ሜዳ ዳር ቆመች። ጀሪካን የያዙ ሰዎች ረጅም ሰልፍ ሠርተዋል። ሥራ አስኪያጁ ወረዱና ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። ዞረው በሌላ በኩልም አንጋጠጡ።

«የት አለ?» አሉ።

ተቆጣጣሪዋ በጣቷ አሳየቻቸው። አንጋጦ ላየ ሰው አይታይም ነበር፤ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል፤ ክዳኑ ላይ አንዲት ቁራ፣ ትክክለኛ የቁራ ቁመት ይዛ፣ ላባዋን ትለቅማለች። ሥራ አስኪያጁ ቀርበው አጠገቡ ቆሙ። ታንከሩ ደረታቸው ላይ ደረሰ፤ ቅንጣት አልበለጠም፣ ቅንጣት አላነሰም። በማዕረግ የተለካው ፎቶ በሜትር ልክ ሆኖ ተገኘ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሊሉ አሰቡ፤ ነገር ግን «በዓይኔ አይቼ» የምትለዋ ፊርማቸው ትዝ ስትላቸው ተረቱን መልሰው ዋጡት።

«አንድ ፎቶ እንፈልጋለን» አለች ተቆጣጣሪዋ፤ «ልክ እንደ መጀመሪያው። ነገ ሁለቱንም ይዘው ዋናው መሥሪያ ቤት ይቀርባሉ። ወንበር ተዘጋጅቶልዎታል፤ ከመርማሪዎቹ ፊት ለፊት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን አንስተው ክዳኑ ላይ አሳረፉ። ታንከሩ ተንገዳገደ። ከሰልፉ መሐል አንዲት እናት ጀሪካናቸውን ጥለው ሮጡ።

«ኧረ አይደገፉት ልጄ! ይገለበጣል፤ ያለን እሱው ነው!»

መቀስ ዓይኑን ካሜራው ላይ እንደደቀነ አነሳ። ከዚያም ያነሳውን ደጋግሞ አየው፤ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞት አያውቅም።

«ጌታዬ» አለ በአድናቆት፤ «ይሄ ምንም ማስተካከያ አይፈልግም።»