የላክሽሚ እግርና የእኔ መወልወያ

ደጃፍ ክፉ ነገር ነው። ማለቴ፣ ደጃፍ ራሱ ምንም አላደረገም፤ ያላደረገውን የምናስደርገው እኛ ነን። የእኛ ሰው ቤቱን ቆልፎ ከተኛ በኋላ እንኳ ሐሳቡ ደጃፉ ላይ ያድራል። ማን ምን ጣለበት? ማን ምን ረጨበት? ያቺ ሴትዮ ትናንት በዚህ ስታልፍ ለምን ቆም አለች? የእንቁላል ቅርፊት ከተገኘማ ጉድ ፈላ፤ ቅርፊቱን የጣለው ቁራ ነው ተብሎ ቢመሰከር «ቁራውን ማን ላከው?» የሚል አይጠፋም። እኔ እንግዲህ ጌታን ከተቀበልኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መተት እንደማይነካኝ አምናለሁ። አምናለሁ፤ ግን አያለሁ። ጠዋት በሬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እግር መጥረጊያ ምንጣፌን ነው። አትሳቁ፣ እናንተም ታያላችሁ።

የምኖረው በሰው አገር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበሬ ፊት ለፊት፣ አራት እርምጃ ያህል ሰያፍ ብሎ፣ አንቲ ሱሺላ ይኖራሉ። ሰባ ያለፋቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ህንዳዊት ናቸው። «አንቲ» የምላቸው ልጄ ስለምትላቸው ነው፤ ልጄ የምትላቸው ደግሞ ፎቁ በሙሉ ስለሚላቸው። እኔና ባለቤቴ ከሥራ እስክንመለስ ሜሮን ከትምህርት ቤት መጥታ እሳቸው ዘንድ ትቆያለች። እንዲህ ከሆነ ይኸው ሦስት ዓመት፤ አንድ ቀን «ደከመኝ» ብለውን አያውቁም።

ያ ቅዳሜ ታዲያ ከጠዋቱ ጀምሮ እግሬ አላርፍ ያለበት ቀን ነበር። የሰፈራችን የጸሎት ቡድን አመሻሹ ላይ የሚሰበሰበው እኛ ቤት ነው፤ ተራው የእኛ ነው። የቡድኑ ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ግድግዳ የሚያዩ ሰው። ባለቤቴ እንጀራ ልትገዛ ዳንፎርዝ፣ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ጎዳና ሄዳለች። እኔ ሶፋውን ሦስት ጊዜ አዟዙሬ መጨረሻ ላይ ወደ ነበረበት ቦታ መለስኩት። ሜሮን ሰሞኑን ዲዋሊ ስለሚባል የህንዶች በዓል፣ ስለ መብራት፣ ስለ አንቲ ብዙ ስታወራ ሰምቻለሁ። እቤቴ ውስጥ የሚወራውን ግን የምሰማው ግማሹን ነው።

ቆሻሻ ልጥል በሩን ስከፍት ምን ልይ! ከምንጣፌ ሥር የጀመሩ፣ ነጫጭ፣ ትንንሽ የባዶ እግር ዱካዎች ኮሪደሩን አቋርጠው ሄደዋል። የሕፃን እግር ያክላሉ። ፎቁ ላይ ሕፃን የለም። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ዱቄት ነው።

የሃያ ዓመት እምነቴ የት እንደገባ እንጃ። «በኢየሱስ ስም!» ብዬ ገሠጽኩና፣ ለተግሣጹ ማጠናከሪያ በረኪና አመጣሁ። በመወልወያ ጠራረግኩት። አንዲት ጣት አላስቀረሁም።

የአንቲ በር ተከፈተ። ሜሮን ትንንሽ የሸክላ መብራቶች የተደረደሩበት ትሪ ይዛ ብቅ አለች።

«ዳዲ! ዋት ዲድ ዩ ዱ? ያ እኮ የላክሽሚ እግር ነው! አንቲ በእጇ ሰራች፣ እኔ ጣቶቹን ሰራሁ። አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ ጉልበቷን እያመማት!»

ነገሩን ያኔ ሙሉውን ሰማሁት። ላክሽሚ የምትባለው አምላካቸው በዚህ ምሽት በመብራት ወደየቤቱ ትገባለች አሉ፤ እግሮቹ መንገድ ማሳያዋ ናቸው። አንቲ ባለፈው ዓመት ባላቸው ስለሞቱ ኀዘን ላይ ነበሩ፤ ምንም አላበሩም። የዘንድሮው ከባላቸው በኋላ የመጀመሪያው መብራት ነው።

አንቲ ራሳቸው የበሩን መቃን ተደግፈው ወጡ። ወለሉን አዩ፣ መወልወያውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ምን መስሎህ ነው?» አሉኝ።

መተት በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል? ቢባልስ እንዴት ይነገራል? «ቆሻሻ መስሎኝ» አልኩ። ከመዋሸቴ ይልቅ የመረጥኩት ውሸት ነው ያሳፈረኝ።

«ምንም አይደለም» አሉ። «ዘንድሮም ያለ እግር ይሁን።»

ይህችን «ምንም አይደለም» አውቃታለሁ። የእናቴ ናት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ ሳላስበው።

እንዲህ ሆኖ የጸሎት ቡድን አስተናጋጁ ኮሪደር ላይ ተንበረከከ። አንቲ በራቸው ላይ ወንበር አስወጥተው መምህር ሆኑ። የተጨበጠ እጅህን በሩዝ ዱቄት ውኃ ንከር፣ በጎኑ አትም፣ ከዚያ አምስት ጣት ነጥብ። እግረ መንገዳቸውን ያስተምሩኛል። መብራቱ ለላክሽሚ አይደለም፤ እሷ በጨለማም ታያለች። መብራቱ አንተ ቤትህ ውስጥ ያለውን እንድታይ ነው። አስቀድሞ ቤት ይጸዳል፤ ቂምም ከቆሻሻ ይቆጠራል። ስለ እግሮቹ አቅጣጫም አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ ግን ጆሮዬ ሊፍቱ ላይ፣ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነበር፤ ጀምበር እየጠለቀች ነው፣ ጋሽ ታደሰ እየመጡ ነው። ከአንቲ በር ጀምሬ በጉልበቴ ወደ ኋላ እያፈገፈግኩ አተምኩ፣ ጣቶቹን በጉልበቴ በኩል ነጠብኩ፣ እስከ ምንጣፌ ድረስ።

ሊፍቱ ተከፈተ። ጋሽ ታደሰ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸው በብብታቸው። ከኋላቸው ቡድኑ በሙሉ።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?»

«ጎረቤቴን እያገዝኩ ነው፣ ጋሼ። የእሳቸው በዓል ነው። እግሮቹ ወደ ቤታቸው መግቢያ ናቸው።»

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አውጥተው ወለሉን ለረጅም ጊዜ መረመሩ።

«ታዲያ ለምንድን ነው ወደ አንተ ቤት የሚገቡት?»

ዞር ብዬ አየሁ። ጣቶቹ በሙሉ ወደ እኔ በር ዞረዋል። ላክሽሚን ከአንቲ ቤት አስወጥቼ እኔ ቤት አስገብቻታለሁ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሜሮን ናት። ከዚያ አንቲ። አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ወደ መወልወያው ስሮጥ ግን እጃቸውን ዘረጉ።

«ተው! የገባ እንግዳ አይባረርም። እኔ ዘንድ መብራቴን አይታ ትመጣለች፤ አራት እርምጃ ነው።» አንዷን መብራት ለሜሮን ሰጧት፤ እሷም ምንጣፌ አጠገብ አስቀመጠቻት።

ጋሽ ታደሰ ምን ይሉ ይሆን ብዬ አየኋቸው። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እግሮቹን ላለመርገጥ በጎን በጎን እየተራመዱ ገቡ። «የሰው ልፋት አይረገጥም» አሉ።

ጸሎቱ ሲያልቅ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው ቤቱን ባረኩ። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ወደዚህ ቤት የገባውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር ባርክልን።»

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ።

እኔም አሜን አልኩ፤ ትንሽ ዘግይቼ፣ አንድ ዓይኔን ገልጬ በሩን እያየሁ።