የኖርማን መሸታ ቤት

የኖርማን ሄስሎፕ እጆች የግንበኛ ማንካዋን ወደ ራሳቸው እየሳቡ እርጥቡን አፈር በስሱ ይልጣሉ፤ አፉ ግን ቀድሟቸው ጨርሷል። «እዚህ ጋ መሸታ ቤት ነበር» ይላል፣ አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይወጣ።

በዚህ በሰሜን እንግሊዝ፣ ከሮማውያን ምሽግ ደጅ የጥንት ቅሪት ፍለጋ በተቆፈረበት ሁሉ አንድ ኖርማን አይጠፋም። ከምሽጉ ውጭ ነጋዴው፣ አንጥረኛው፣ የወታደሩ ሚስትና ልጅ ይኖሩ እንደነበር ማንም ያውቃል። የእኛው ክቡርነታቸው ኖርማን ግን ለእነዚህ ሰዎች ከመጠጫ በቀር መኖሪያ አልፈቀዱላቸውም። ሰፊ ክፍል ከተገኘ መሸታ ቤት ነው፤ ጠባብ ከሆነ የመሸታ ቤቱ ጓዳ። አምና «የመሸታ ቤቱ ፍሳሽ መውረጃ!» ብሎ ሁላችንንም ጭቃ ላይ አንበረከከን። በማሳው ላይ በግ የሚያረባው ገበሬ መጥቶ አየና፣ «እሱ እኮ አያቴ ውሃው ከማሳው እንዲወጣ ብሎ የቀበረው የሸክላ ቱቦ ነው» አለ። ኖርማን ምን ቢል ጥሩ ነው? «አያትህ ቦታ መምረጥ ያውቅ ነበር።»

አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ እንደ እኔው በበጎ ፈቃድ የሚቆፍር ሰው ነው። እኔ ከጉድጓዱ ዳር ተቀምጬ የገል ስብርባሪ በጥርስ ብሩሽ አጥባለሁ። ብዙ አልናገርም፤ እሱ ለሁለታችንም ይበቃል።

ዘንድሮ በመጨረሻው ቀን የቁፋሮው ኃላፊ ኢሞጀን ከላይ ቆማ፣ «በቃ ኖርማን፣ ውጣ። ሰኞ ይደፈናል» አለችው።

«ይቺን ጥግ ብቻ፣ የኔ እመቤት።»

«ትናንትም ጥግ ነበረች።»

«ከተደፈነ እኮ በግ ነው የሚግጥበት! በኔ ዕድሜ ዳግም አይከፈትም።»

ሻይ እስኪፈላ ፈቀደችለት።

ውሃው ሳይፈላ ኖርማን ዝም አለ። ዝም ሲል አይቼ ስለማላውቅ ልቡን ያመመው መስሎኝ ብሩሹን ጥዬ ሄድኩ። ከጥቁሩ ጭቃ የቆዳ ጫማ ሶል ብቅ ብሏል፤ ከመዳፉ የማይበልጥ፣ የሕፃን። ቆዳው ከደረቀ ይሰነጠቃልና ኮፍያውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አልብሶታል።

«የሰው ቤት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄን ሁሉ ዓመት መሸታ ቤት ስል… ልጅ ያለበት ቤት ነው።»

ፊቱን አይቼ አንጀቴ አልቻለም። «ባለመሸታዋ ልጅ የላትም ያለህ ማነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

ጫማው ውሃ በሞላው ሣጥን ውስጥ እስኪገባ ከአጠገቡ አልተነቃነቀም። ሚስቱ ሜቪስ ግን «ከምሳ በኋላ መጥቼ እወስድሻለሁ» ባላት መሠረት፣ ፀጉሯን አሳምራ ተሠርታ፣ ሄክሳም ከተማ ከፀጉር ቤቱ ደጅ አሁንም እሱን እየጠበቀች በነፋስ ቆማለች።