ኦቦ ዋጋሪ መኪና ሊያዙ ነው

በዓለም ላይ መኪና ያለው ሰው አለ፤ መኪና የሌለውም አለ። ከሁለቱም ያልሆነ፣ ዓመት በጠባ ቁጥር መኪና ሊያዝ ሲል የሚኖር ሦስተኛ ዓይነት ሰው ደግሞ አለ። እንዲህ ያለው ሰው በየከተማው አንድ አንድ አይጠፋም፤ የነቀምቴው ግን የሁሉም አለቃ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክቡርነታቸው የቡና ነጋዴው ኦቦ ዋጋሪ ናቸው። ከተማው «ባለ ላንድሮቨሩ» ይላቸዋል። ያላቸው ግን አንዲት ቦራ በቅሎ ብቻ ናት።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ላንድሮቨር የሚይዙት ገዥው፣ የወባ መሥሪያ ቤትና ሚሲዮኖቹ ብቻ ናቸው። አዲስ መኪና የፈለገ ነጋዴ ሱቅ ገብቶ አይገዛም፤ ለወኪሉ ያዛል። ወኪሉ ወደ አዲስ አበባ ይጽፋል፣ አዲስ አበባ ባሕር ማዶ ላለው ፋብሪካ ይጽፋል፣ ፋብሪካው ሠርቶ በመርከብ ወደ አሰብ ይልካል። እስከዚያ በጋው ክረምት ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ምን ይታዘዝ ሳይሆን መቼ ይታዘዝ የሚለው ነው። ኦቦ ዋጋሪ ይህን «መቼ» አንድ ጊዜ ያዙት፤ ከያዙትም በኋላ አልለቀቁትም።

ወኪሉ አቶ ዓምደሚካኤል ከሸዋ የመጡ፣ ከረቫታቸው የማይላላ፣ ትዕግሥታቸው የማያልቅ ሰው ነበሩ። በየገበያው ቀን ኦቦ ዋጋሪ ወደ ቢሯቸው ሲገቡ ወኪሉ ብዕራቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ ሲወጡ መልሰው ይከታሉ። መጀመሪያ አንድ የጭነት ሾፌር የመጪው ዓመት ሞዴል መብራቱ ወደ ዳርና ዳር ሊወጣ ነው ብሎ አወራ። «ዛሬ ባዝ የአሮጌ ፊት ይዤ ልቀር ነው?» አሉ ኦቦ ዋጋሪ። ቀጥሎ ቤንዚን ይሁን ናፍጣ የሚለው መጣ፤ እሱ ብቻ አንድ በጋ በላ። ይህ ሲያልቅ ሬዲዮኑ የስዊዝ ቦይ በጦርነት ተዘጋ፣ መርከብ ሁሉ አፍሪቃን ዞሮ ነው የሚመጣው አለ። «መኪናዬ እኔ በማላውቀው ባሕር ሲንከራተት እንቅልፍ ይወስደኛል?» ብለው ኦቦ ዋጋሪ ባርኔጣቸውን አነሡ። የሚቋጩትም ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው፤ «ሱታ፣ አቶ ዓምደሚካኤል! ቀስ ነው እንጂ! እስቲ ይቺን ወር እንያት።»

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የከዘራው ነገር ነበር። ላንድሮቨር በከተማው ውስጥ በቆመ ቁጥር ኦቦ ዋጋሪ እዚያ አይጠፉም። ባለቤቱን «አካም ጅርቱ» ብለው በአክብሮት ሰላምታ ይሰጡና የኋላውን በር ያስከፍታሉ፤ ከዚያ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አጋድመው ይለካሉ። የወባውን ለክተዋል፣ የሚሲዮኑን ለክተዋል፤ የገዥውንም ዘበኛው ዞር ባለበት ለክተዋል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ሰው ተዘርግቶ ይተኛበታል?» ከተማው በሳቅ ፈረሰ። ባለ ላንድሮቨሩ መኪና የፈለጉት ለመተኛት ነው ተባለ፤ ትራስ ልንገዛላቸው ነው የሚሉ ቀልደኞችም ተነሡ።

ሚስታቸው ድርቤ ግን አልሳቀችም። የመኪናው ነገር የተጀመረበትን ቀን ታውቀዋለችና።

አንድ ልጃቸው ሎሚ ተድራ የሄደችው ጊዳ አያና ነው። በጋ ከሆነ መንገዱ ምንም አይልም፤ በክረምት ግን ጭቃው በቅሎ ይውጣል። ከሁለት ዓመት በፊት ሎሚ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ኦቦ ዋጋሪን ደስታ አሰከራቸው። ልጅ ሲወለድ በእትብቱ ስም ጊደር ይሰጠዋል፤ ሃንዱራ ነው፣ የአባት የአያት ሥርዓት ነው። ግን ከተወለደ በኋላ ነው። ኦቦ ዋጋሪ አላስቻላቸውም። ገና ሆዷ ሳይገፋ ከበረታቸው አንዲት ቡሬ ጊደር መርጠው፣ «ይቺ ለልጅ ልጄ ናት» ብለው ጎረቤት ጠርተው አሳዩ። በሐምሌ ምጥ ጠናባት ተብሎ ሲሰማ ሎሚን ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል ተነሡ። ከአያና ወዲህ ያለው ወንዝ ሞልቶ ነበር። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ከዳሩ ሾላ ሥር አስቀምጠው እስኪጎድል ጠበቁ። ሎሚ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም።

ኦቦ ዋጋሪ መኪና አዛለሁ ያሉት ከለቅሶው ማግሥት ነው። ጊደሯን አልሸጧትም፣ ለማንም አልሰጧትም። አድጋ ላም ሆና በረት ውስጥ ባለቤት እንደሌላት ትኖራለች። እሳቸው በእሷ በኩል አያልፉም፤ በሌላኛው በር ዞረው ነው የሚገቡት።

ዘንድሮ በመስቀል ሎሚ ለጥየቃ መጣች። ልትመለስ በሩ ላይ ስትቆም አባቷ ከዘራቸውን በጎኗ ዘንበል አድርገው አቆሙት፤ ቀስ ብለውም ቁመቷ አንድ ከዘራ ሞልቶ በሁለተኛው የሚያልፍበትን ቦታ በጥፍራቸው ያዙ። እሷ ከሄደች በኋላ እዚያው ላይ በቢላ ምልክት አደረጉበት። ድርቤ ከጓዳ ሆና አየች። በሕይወት ያለ ሰው አይለካም፤ ሰው የሚለካው ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ለምን እንዳደረጉት ግን ለመጠየቅ ፈራች።

በኅዳር መጀመሪያ ቅቤ ነጋዴዋ የሺወርቅ ከአያና መጣች። የጎጃም ልጅ ናት፤ ቅቤዋን እየገለጠች፣ ወደ ድርቤ ጆሮም ጠጋ እያለች አወራቻት።

«አዴ ድርቤ፣ ልጅሽ አፈር አምሯታል አሉ።»

ሌላ ቃል አልተጨመረም። የእርግዝና ወር አይቆጠርም፣ አይጠራም፤ ለአባትማ ጭራሽ አይነገርም። ድርቤ በልቧ ቆጠረች። ሰኔ ላይ ወጣ። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ወንዙ፣ ሾላው ሁሉ አብረው ወጡ። መኪናው ዛሬ ካልታዘዘ ከሰኔ በፊት አይደርስም። እጇ ላይ ያለው ቅቤ እስኪቀልጥ እዚያው ቆመች።

«ዛሬ እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ» አለች ቤት ገብታ።

ኦቦ ዋጋሪ ምክንያቱን አልጠየቁም። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ወሬው በገበያው በኩል እሳቸውም ዘንድ ደርሷል ማለት ነው።

አቶ ዓምደሚካኤል ብዕራቸውን አወጡ። «እንግዲህ ኦቦ ዋጋሪ፣ ረጅሙ፣ ባለ ናፍጣው። ቀለሙን አረንጓዴ ብለን ነበር። ዛሬ ከታዘዘ፣ እግዚአብሔር ካለ፣ ግንቦት ላይ ይገባል።»

ኦቦ ዋጋሪ ብዕሩን ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ አስጠጉት። ላባቸው ከባርኔጣው ሥር ወርዶ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

«ሱታ» አሉ፤ ብዕሩን አስቀምጠው ወደ በሩ ሄዱ። «እስቲ ይቺን ወር...»

ድርቤ ተከትላቸው ወጣች። መንገድ ዳር ደረሰችባቸውና ሰው ቢያይም ባያይም ግድ ሳይሰጣት እጃቸውን ያዘች።

«አባ ሎሚ፣ ምን ሆነዋል? ሰኔ እኮ ነው! ወር አይጠራም ይበሉኝ፣ ጠርቻለሁ። ሰኔ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ጊደሯን የመረጥኩት በዚህ እጄ ነው» አሉ እጃቸውን እያዩ። «ሳይወለድ መረጥኩለት። አሁን ደግሞ ሳይወለድ መኪና ልምረጥለት? ቄሱ ይህ አጉል እምነት ነው ብለውኛል። አምኛቸዋለሁ። ብዕሩን ስይዝ ግን እጄ አያምንም፣ ሀዳ ሎሚ፣ የልጄ እናት። ሳታረግዝ ጊዜ አለ እላለሁ፤ ስታረግዝ ደግሞ እፈራለሁ። መቼ ልዘዝ? አንቺ ንገሪኝ፣ መቼ?»

ድርቤ ሁለት ዓመት ሙሉ በልቧ የተቆጣችው በፈራ ሰው ላይ እንደነበር ገባት፤ አፈረች። የከዘራውም ምልክት ያን ጊዜ ተገለጠላት። ሰውዬው ልጃቸው የምትተኛበትን ሲለኩ ነው የኖሩት። ከፍርሃቷ ላይ የእሳቸው ፍርሃት ተጨመረባት። ለሁለት የሚሆን ብልሃት ግን ከእሷ በቀር ማን ያመጣል?

«መኪናው ለሎሚ ነው ያለዎት ማነው?» አለች ድንገት ጮክ ብላ። «ጉልበቴን ያመኛል። ለዲጋ ገበያ መሄጃ መኪና እፈልጋለሁ። እኔ ለራሴ ነው የማዘው።»

ኦቦ ዋጋሪ አዩዋት። «ጉልበትሽን ያምሻል?» አሉ።

«ክፉኛ!»

«እንደሱ ከሆነ የእኔ እጅ የለበትም» አሉ፤ እዚያው መንገድ ዳር ካለው ግንብ ላይም ተቀመጡ። ድርቤ ብቻዋን ተመልሳ ገባች። አቶ ዓምደሚካኤል ብዕሩን ወደ ኪሳቸው ሲመልሱ ደረሰችባቸው። መጻፍ ስለማታውቅ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች፤ እንዳይጠፋ ብላ በጣም ስለተጫነችው ወረቀቱ ሊቀደድ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ በቤታቸው «የድርቤ መኪና» እንጂ ሌላ ስም አልተጠራም። ድርቤም ቃሏን ለማጽናት ገበያ መሐል ማነከስ ጀመረች፤ አንዳንዴ በቀኝ፣ ስትረሳ በግራ። ኦቦ ዋጋሪ መኪናው የት ደረሰ ብለው አይጠይቁም። ሬዲዮኑ ስለ መርከብ ባወራ ቁጥር ግን ወጥተው ደጅ ይቆማሉ። ሚያዝያ አለቀ። ግንቦት ገባ፤ ዝናቡም ዘንድሮ ምን አጣደፈው ሳይባል አብሮ ገባ። ድርቤ ጣሪያው በተንጣጣ ቁጥር ትባንን ነበር።

መኪናው በግንቦት መጨረሻ በጭቃ ተለውሶ ደረሰ። አረንጓዴ የተባለው ግራጫ ሆኖ መጥቷል፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። በማግሥቱ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረውን ጃራን ቀጥረው ባልና ሚስት ወደ አያና ተነሡ። ጠዋት ወንዙን ሲሻገሩ ውሃው ከጎማው እኩሌታ አላለፈም። ሎሚን ወደ ነቀምቴ አምጥተው ከእናቷ ጋር ሊያከርሟት ነበር ሐሳባቸው፤ ሲደርሱ ግን ምጧ ጀምሯታል። ከኋላ ፍራሽ አንጥፈው አስተኟት። ከራሷ በላይ አንድ ስንዝር፣ ከእግሯ በታች አንድ ስንዝር ተረፈ።

ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዘንድ ሲመለሱ ውሃው ሌላ ውሃ ነው። ቀይ ሆኖ፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ጃራ ሞተሩን አጠፋ።

«ኦቦ፣ ይሄ አይታመንም። ጉድጓዱ የት እንዳለ አይታይም። እስኪጎድል እንጠብቅ።»

የቆሙት ከሾላው ሥር ነበር። ሎሚ ቀና ብላ ቅርንጫፎቹን አየች፤ የእናቷን እጅ ጨመቀች። ድርቤ የባሏን ጀርባ አየች። ያቺን ቃል ጠበቀች። እዚህ ቦታ «ሱታ» ካሉ ልጄ አለቀች ብላ አሰበች።

ኦቦ ዋጋሪ በሩን ከፈቱ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ኮታቸውን አጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩ። ከዘራቸውን ይዘው ወደ ውሃው ገቡ። ዋና አያውቁም። ኩሬ ሳያስጠኑ የማያልፉ ሰው ናቸው። ውሃው ጉልበታቸው ላይ ደረሰ፣ ወገባቸው ላይ ደረሰ፤ በከዘራው ወለሉን እየወጉ ሄዱ። አንድ ጊዜ ሸርተት ብለው ባርኔጣቸውን ጎርፉ ወሰደው። «ዋቃዮ!» አለች ድርቤ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ወዲያኛው ዳር ደርሰው ተመለሱና መሐል ላይ፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሙ።

«ጃራ! ጉድጓዱ ያለው በቀኜ ነው! በግራዬ በኩል እለፍ! ና! አሁን! አሁን ና!»

ድርቤ ከዚያ አፍ «አሁን» የሚል ቃል ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ጃራም ሰምቶ አያውቅም መሰል፣ ሳይከራከር ሞተሩን አስነሣ። ውሃው በበሩ ሥር ገባ፣ መኪናው አንድ ጊዜ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ዳገቱን ያዘ።

ኦቦ ዋጋሪ እርጥብ እንደሆኑ ገብተው ተቀመጡ። ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል።

«ፈራሁ፣ ሀዳ ሎሚ» አሉ ሳይዞሩ። «በጣም ፈራሁ።»

ድርቤ ከኋላ እጇን ሰድዳ ትከሻቸው ላይ አኖረች፤ ነቀምቴ እስኪገቡም አላነሣችውም።

ሎሚ በሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደኅና ናቸው። ለእንኳን ማርያም ማረችሽ የመጣው ጎረቤት ቤቱን ሞላው፤ አቶ ዓምደሚካኤልም ከረቫታቸውን አጥብቀው መጡ። ባለ ላንድሮቨሩ አሁን በእውነት ባለ ላንድሮቨር ስለሆኑ የሚቀለድባቸው ጠፋ። አቶ ዓምደሚካኤል ግን አንድ ነገር አገኙ።

«እንግዲህ ሃንዱራው ቀርቷል፣ ኦቦ ዋጋሪ። ጊደሯን መቼ ነው የሚመርጡላት?»

ኦቦ ዋጋሪ ሕፃኗን አይተው፣ በረቱ ወዳለበት አይተው፣ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ሱታ» አሉ። «የመጪው ዓመት ጥጆች የተሻሉ ይሆናሉ እየተባለ ነው። እስቲ ይቺን ወር እንያት።»

ሰዉ ሳቀ። ድርቤም ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ። ከዚያ ተነሥታ ከበሩ ጀርባ ቆሞ የነበረውን ከዘራ ደጅ ወስዶ ሊያጥበው ካነሣው ሰው እጅ ቀማች። የወንዙ ጭቃ እስከ ወገብ ድረስ ደርቆበታል። እንዳይረግፍ ቀስ አድርጋ መልሳ አቆመችው።