እትዬ ጠጂቱ ተናግረው እስኪጨርሱ

ጸጋአብ: ሱፍ ነው አልኩህ! ሱፍ ደግሞ ዓይኔን ያሳክከኛል።

ብሩኪ: ሱፍ አይደለም፣ አክሪሊክ ነው። መለያው ላይ ተጽፏል።

ጸጋአብ: ዓይኔ መለያ አያነብም። የሚያሳክከውን ግን ያውቃል።

ብሩኪ: እንዳያነብ ብዬማ ነው የማስረው! ዝም ብለህ ተቀመጥ።

[ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ማዶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ሁለት የአክስት ልጆች የሚኖሩበት አፓርታማ። ብሩኪ የክረምት ሻርፑን የጸጋአብ ዓይን ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ ቋጠረው። ብሩኪ ኖርዝ ዮርክ አንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ ቢኖርም አላወቀውም። ጸጋአብ ዘንድሮ የመጣ፣ ግሮሰሪ ውስጥ ካሸር ሆኖ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑ ተከፍቷል፤ አጠገቡ ስልክ አለ። ብሩኪ ስልኩን ባየ ቁጥር ልቡ እንደ ክራር ክር ይወጠርና፣ ማንም ሳይነካው ብቻውን ይርገበገባል።]

ጸጋአብ: እሺ፣ ታሰርኩ። አሁን ማንን ነው የምዘርፈው?

ብሩኪ: ዝርፊያ አይደለም! ሃክ ማድረግ ነው።

ጸጋአብ: ሳይፈቀድልኝ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ ገብቼ፣ የማይሰጡኝን ይዤ ልወጣ አይደል?

ብሩኪ: አዎ።

ጸጋአብ: እኛ ሰፈር ስሙ ሌላ ነበር።

ብሩኪ: ጌም ነው ጸጋ! ራሴ የሠራሁት ጌም! ኩባንያውም የለም፣ ኮምፒውተሩም የለም። ጥቁር ደመና የሚባል ድርጅት ያገሩን የሠርግ ዘፈን በሙሉ ገዝቶ ቆልፎበታል። ሙሽሮች በዝምታ ይዳራሉ፤ እልልታ እንኳን በፈቃድ ሆኗል። አንተ የሠራተኞቹን ደብዳቤ እያነበብክ፣ እያሰላሰልክ፣ የሦስቱን በር ቁጥር ታገኝና ዘፈኖቹን ነጻ ታወጣለህ።

ጸጋአብ: ደስ ይላል። ግን እኮ ወረቀቴ ገና ኢሚግሬሽን ዘንድ ነው። ሙሽሮቹ ትንሽ ቢታገሡኝ…

ብሩኪ: ማንም አይከስህም!

ጸጋአብ: ደግሞ ታስሬ እንዴት አነባለሁ?

ብሩኪ: አየህ? ዋናው ነገር እሱ ነው! ጌሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጽሑፍ ነው። እሌኒ ደግሞ አታይም። እናም ጽሑፉን በሙሉ የሚያነብ ድምፅ አስገባሁበት። ፊደል ማጉያም አለው፣ ለሚቸኩል ሰው ድምፁን መቁረጫ አለው፣ ለማይቸኩል ሰዓት ማጥፊያ አለው። ማንም ደጅ እንዳይቀር።

[እሌኒ የቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ኖርዝ ዮርክ ባለ አዳራሽ ለሚከፈተው የጌም ትርኢት ሥራዎቹን የምትመርጠውም እሷ ናት። አንድ እሑድ ከመዝሙር በኋላ፣ «ለእኔ ጌም መጫወት ማለት ሰው ጎኔ ተቀምጦ ሲጫወት መስማት ነው» አለችው፤ እየሳቀች ነበር ያለችው። ሳቁ ግን ብሩኪ ጆሮ ውስጥ ቀርቶ እንደ ዜማ ሲመላለስ ከረመ። ብቻሽን የምትጨርሺው ጌም እሠራልሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት።]

ጸጋአብ: ታዲያ ላክህላት?

ብሩኪ: ጠዋት። መርጬዋለሁ ወይም አልመረጥኩትም ብላ ዛሬ ትደውላለች።

ጸጋአብ: እና አሁን ነው የምትሞክረው? ጨው የሚቀመሰው ወጡ ሳይቀርብ መስሎኝ።

ብሩኪ: እኔ የሠራሁት ስህተት አይኖረውም፤ ለማረጋገጥ ያህል ነው። ጀምር።

የጠጂቱ ድምፅ: [ከላፕቶፑ፣ እርግት ብሎ] «እንግዲህ፣ የመጀመሪያው በር ጋ ደርሰሃል። የጥቁር ደመና ዘበኛ ለሥራ አስኪያጁ የጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ይላል…»

ጸጋአብ: [እንደታሰረ ብድግ ብሎ] እንዴ! እትዬ ጠጂቱ! እንደምን ዋሉ?

ብሩኪ: ተቀመጥ! የሉም። ቅጂ ነው። አማርኛ አሳምሮ የሚያነብ ማሽን ስላጣሁ እሳቸውን ለምኜ ቤታቸው ቀዳሁት።

ጸጋአብ: ከኋላቸው የሚያጓራውስ?

ብሩኪ: የኤግሊንተን ቁፋሮ ነዋ። መንገዱን ሲቆፍሩ እየሰማ የሚቀዳ ምን ያድርግ? ይልቅ ድባብ ይሰጠዋል። ስማ!

[ጸጋአብ እጁን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያዳምጣል። እትዬ ጠጂቱ ያነባሉ። ድንገት ላፕቶፑ ይጮኻል።]

ብሩኪ: ተያዝክ! ዘበኛው መጣ! ምነው ዝም አልክ?

ጸጋአብ: እየተናገሩ እኮ ናቸው።

ብሩኪ: የሚበቃህን ያህል ሰምተህ ረጅሙን ቁልፍ፣ ስፔስ ባሩን፣ ትጫናለህ፣ ቁርጥ ይላሉ፣ ቁጥሩን ትመታለህ!

ጸጋአብ: እትዬ ጠጂቱን? እኔ? ቁርጥ?

ብሩኪ: ቅጂ ናቸው!

ጸጋአብ: ወረቀቴ ሲዘገይ ጾመው የጸለዩልኝ ሴትዮ ናቸው! የሰንበት ትምህርት ያስተማሩህ ሴትዮ ናቸው! እሳቸው ሲናገሩ መጋቢው እንኳን አያቋርጣቸውም።

ብሩኪ: መጋቢው ስፔስ ባር የለውማ!

ጸጋአብ: ቢኖረውም አይነካውም።

ብሩኪ: [ፀጉሩን ይዞ] እሺ። ሰዓቱን አጠፋሁልህ፤ ዘበኛው አይመጣም። ጆሮህ ላይ ይህንን አድርግ፣ ስልኩ ሲጮህ እንድሰማ። እስከ ሠርግህ ቀን ተቀምጠህ አዳምጥ!

[ብሩኪ ማዳመጫውን ጸጋአብ ጆሮ ላይ ገጥሞ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከታች አውቶቡስ ሰው ያራግፋል። እሷ አሁን የትኛው በር ላይ ናት? ከተቸገረችስ? አጠገቧ ያለ ሰው «ላንብብልሽ» ብሏት ይሆን?]

ጸጋአብ: [ለራሱ] እሺ እትዬ… አሜን… ኧረ እግዜር ይስጥልኝ… [እንደ ካሸር ቁጥሮቹን በዳበሳ ይመታል፤ ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆናል።]

ብሩኪ: ምን? ገባህ? እንዴት አወቅከው?

ጸጋአብ: [ማዳመጫውን በአንድ ጆሮ ገለጥ አድርጎ] ተነገረኝ።

ብሩኪ: ማን ነገረህ?

ጸጋአብ: እትዬ ጠጂቱ።

ብሩኪ: ማለት፣ እሳቸው ደብዳቤውን አነበቡልህ፣ አንተ አሰብክ።

ጸጋአብ: አላሰብኩም።

ብሩኪ: ሳይታወቅህ አስበሃል።

ጸጋአብ: ብሩኬ፣ እኔ አዘውትሬ ስለማላስብ ሲመጣብኝ ይታወቀኛል።

ብሩኪ: [በአድናቆት] ይኸው ነው! የተፈጥሮ ሃከር ማለት ይኸው ነው! ቢሮ ያሉት ልጆች እዚህ በር ላይ ስንት ቀን ተጎለቱ መሰለህ። ቀጥል!

ጸጋአብ: [ሰምቶ] እሺ… እሺ እትዬ… [ይመታል፤ አረንጓዴ ይሆናል።]

ብሩኪ: ሁለተኛውንም! ጸጋ፣ ምናልባት… መገለጥ ነገር ነው?

ጸጋአብ: መገለጥ አይደለም፣ ቁጥር ነው። ዝም በል፣ ሦስተኛው ላይ ደርሰዋል። [ያዳምጣል፤ ፊቱ በፈገግታ ይበራል።] አሁን ስለ አንተ እያወሩ ነው።

ብሩኪ: ስለ እኔ? እኔ ጌሙ ውስጥ የለሁም!

ጸጋአብ: ገብተሃል። እስካሁን አላገባም እያሉ ነው።

[ብሩኪ ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ ነጥቆ፣ ጸጋአብን ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። ድምፁን ከመጀመሪያው አስጀመረ። የደብዳቤው የመጨረሻ ቃል ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱ ስፔስ ባሩን መታው።]

ብሩኪ: የለም! ምንም የለም!

ጸጋአብ: ቆረጥካቸዋ።

ብሩኪ: አልቆረጥኩም! [ደግሞ ያስጀምራል፤ ደግሞ ይመታል።] ይኸው፣ ደብዳቤው አለቀ!

ጸጋአብ: ደብዳቤው አለቀ፤ እሳቸው መቼ ጨረሱ? [ሻርፑን አውልቆ የብሩኪን አውራ ጣት ጭምቅ አድርጎ ይይዛል።] በል አሁን አስጀምር።

የጠጂቱ ድምፅ: «…ደብዳቤው እዚህ ላይ ያበቃል። [ፋታ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] ልጄ፣ ብሩኪ የቢሮ ስልክ ሊያነጋግር ወጣ ስላለ ነው። ደክሞህ መጥተህ እንዴት ደጅ አቁሜ እንቆቅልሽ እጠይቅሃለሁ? ቁጥሩን አጫውቶኛል፤ አንድ ዘጠኝ ስድስት ሰባት ነው፣ ሥራ አስኪያጁ የተዳረበት ዓመት። ግባ የኔ ጌታ። ሴት ልጅም ከሆንሽ ግቢ የኔ እመቤት። ይህንን የሠራው ብሩኪ ነው። ባለሙያ ነው፣ አይጠጣም፣ ሰው አያስጨርስም እንጂ ፀባዩም መልካም ነው። እስካሁን አላገባም። ዘማሪ ብትሆንለት አይጠላም…»

ብሩኪ: [ራሱን ይዞ] አለቅኩ! በሦስቱም በር ላይ?

ጸጋአብ: በሦስቱም። ጋብቻው ግን እዚህኛው ላይ ብቻ ነው።

ብሩኪ: ለምን አልነገርከኝም?

ጸጋአብ: ተነገረኝ፣ ተነገረኝ ስልህ አስበሃል አልከኝ!

ብሩኪ: ሁለት ዓመት የለፋሁበት! እሌኒ ምን ትላለች? አትችልም ብሎ መልሱን በማንኪያ አጎረሰኝ ነው የምትለው! በዚያ ላይ በጌም ሽማግሌ ላከብኝ!

[ስልኩ ይጮኻል። ብሩኪ ይዘላል።]

ጸጋአብ: መጀመሪያ ስማት እሺ? ትጨርስ።

ብሩኪ: [ስልኩን አንስቶ] ሄሎ፣ እሌኒ! አይ፣ ቆይ፣ እኔ ልናገር… አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ይቅርታ! መልሱን የነገሩሽ እትዬ ጠጂቱ በራሳቸው ነው፤ እኔ የለሁበትም! … አይ ስሚኝ፣ አትችልም ብዬ አይደለም! … ሚስት የሚለውንም እኔ አላልኩም፤ ማለቴ… ብልም እንዲህ አልልም! … ቆይ፣ ቆይ፣ ጌሙን ከትርኢቱ አውጪው። አዎ፣ አውጥቼዋለሁ! ስህተት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው! … ምን? … ስጠው? ለማን? [ስልኩን ያቀብላል፤ ድምፁ ሰልሏል።] የሚሰማ ሰው ካለ አቅርብልኝ አለች።

ጸጋአብ: ሄሎ እሌኒ፣ እንደምን ዋልሽ? … እሺ… እሺ… እ… [ይቀመጣል] እሺ… [ይስቃል] ኧረ ተይ! … እሺ… እነግረዋለሁ። ቸር ዋይ። [ስልኩን ያስቀምጣል።]

ብሩኪ: ምን አለች?

ጸጋአብ: ልጨርስ?

ብሩኪ: ጨርስ! አልናገርም! አፌን ያዝኩ!

ጸጋአብ: መልሱን አልሰማችም።

ብሩኪ: እንዴት—

ጸጋአብ: አፍህን። ደብዳቤው እንዳለቀ እትዬ ጠጂቱን ቆርጣቸዋለች። ከእሷ አልጠበቅኩም ነበር። «ስልኬ የሚያነብልኝን እንኳን በሦስት እጥፍ ፍጥነት ነው የምሰማው፣ ስንቱን ልጠብቅ?» ነው ያለችኝ። ሦስቱንም በር ራሷ አስባ ነው የከፈተችው። ሻርፕ ማሰርህን ስነግራትም ለረጅም ጊዜ ሳቀች።

ብሩኪ: [ቀስ ብሎ] ጨረሰችው?

ጸጋአብ: «ጎኔ ማንም ሳይቀመጥ የጨረስኩት የመጀመሪያዬ ነው» አለች። መጨረሻ ላይ ያስገባሃትንም ስንኝ እያንጎራጎረች ነበር፦

በር ቢዘጉብኝም ደጅ ላይ ባድር እኔ፣
ድምፅሽ ከደረሰኝ ምን ሊረባኝ ዓይኔ።

[ሁለት ዓመት ሙሉ በኮድ መሐል ተደብቃ የኖረች ስንኝ በእሷ ጉሮሮ አልፋ፣ በሞኝ ዘመዱ አፍ ዞራ ቤቱ ስትገባ፣ ብሩኪ ሳያስበው ዓይኑን ጨፈነ።]

ብሩኪ: ታዲያ ተመረጠ ማለት ነው?

ጸጋአብ: ተመርጦ ነበር። ይህንኑ ልትነግርህ ስትደውል አውጪው አልካት። እሷም እሺ ብላ አወጣችው።

ብሩኪ: ወይኔ!

ጸጋአብ: ከዚያ መልሱን እትዬ ጠጂቱ ይናገራሉ ያልካትን ስታስበው ደግሞ መልሳ አስገባችው። ማሰብ የፈለገ ይቆርጣል፣ የተቸገረ ታግሦ ይሰማል፣ ማንም ደጅ አይቀርም፤ ይህንን ያሰበ ሰው ብልህ ነው አለች።

ብሩኪ: [ደረቱን ነፍቶ] እኔ ነኛ!

ጸጋአብ: ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው፣ እኔ የለሁበትም ብለህ ነገርካት እኮ። ስለዚህ ትርኢቱ ላይ ጌሙን መድረክ ወጥተው የሚያስረዱት እትዬ ጠጂቱ ናቸው። አሁን ትደውልላቸዋለች፤ ግን መጀመሪያ ሦስተኛው በር ላይ ያሉትን ተመልሳ እስከ መጨረሻው ልትሰማ ነው።

ብሩኪ: ሦስተኛው? ማን ስሚ አላት?

ጸጋአብ: ሚስት ያለው ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ እኔ ምን ልበል? እትዬ ጠጂቱ ከእኔ የተሻለ ይናገራሉ።

ብሩኪ: [ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ] እና እኔስ? መድረኩ ላይ የእኔ ሥራ ምንድን ነው?

ጸጋአብ: ላፕቶፑን ተሸክመህ ትመጣለህ። ከዚያ እሳቸው ተናግረው እስኪጨርሱ እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ ትቆማለህ።