ኦቦ ጉርሙ በወርቅማ ፎይል ላይ የዘመቱት ዘመቻ

ባነር በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ላይ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ ይኸውም በ፳፻፲፭ ዓመተ ምሕረት፣ ሠዓሊም ነበር በሚባለው ወንጌላዊ በዘመነ ሉቃስ፣ ወርኃ ጥር በባተ በአምስተኛው ቀን፣ ሞዓ ብሩሽ ዘእምነገደ አምቦ፣ ሥዩመ ቀለም፣ የሥጋ ቤቱን በሬ ሁሉ በቆርቆሮ ላይ ያቆሙ፣ የፀጉር ቤቱን ጎፈሬ ሁሉ ያበጠሩ ኦቦ ጉርሙ ከወፍ ጋር ተነሥተው ወርቅን ሊያስገብሩ ዘመቱ።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። ከአዲስ ዓለም እስከ ጉደር ያለው ማስታወቂያ በእሳቸው እጅ ሲጻፍ ኖሮ፣ ለሜሳ የተባለ ባለ ማተሚያ ከመጣ ወዲህ ግዛታቸው እየጠበበ ሄዶ የአንድ ጎሚስታ በር ብቻ ቀርቷቸው ነበር። አንዲት ልጃቸው ሃዊ የምትዳርበት ቀን ሲቆረጥም፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ የሚሰቀለውን ባነር ለሜሳ በግማሽ ቀን አትሞ ሊያመጣ ቃል ገባ። ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ታሪክ ጸሐፊ አይዋሽምና፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወእምዝ በዕድሩ ስብሰባ መካከል ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ልጄ የምትቀመጠው እኔ በሣልሁት ሥዕል ፊት ነው። በአክሪሊክ ቀለም እሥላታለሁ፣ በወርቅ አለብሳታለሁ። ይህን ባላደርግ ብሩሼን ሰብሬ ከለሜሳ ቤት ባነር ወጣሪ ሆኜ እገባለሁ!»

ሃዊም በበኩሏ አወጀች፦ «አባዬ፣ እስከ ዓርብ እጠብቅሃለሁ። ካልደረሰ ባነሩ ይሰቀላል፤ በኋላ እንዳትቀየመኝ!»

የሠራዊታቸውም አሰላለፍ እንዲህ ነበር፦ ፊታውራሪው ሰፊው ብሩሽ፣ ቀኝ አዝማቹ የወጥ ማንኪያ፣ ግራ አዝማቹ ከጎረቤት የተዋሱት የፀጉር ማድረቂያ፣ በመካከል ከአዲስ አበባ በሚኒባስ የደረሰው የፎይል ጥቅል፣ ከኋላ ስንቅ ይዘው ባለቤታቸው ወይዘሮ ጉዴ፣ ከሁሉ ኋላ ምርቃት ይዘው ታላቅ እኅታቸው አዴ ድንቅቱ። የጦር ስልቱን በስልክ ቪዲዮ ተምረውታል፤ አክሪሊኩ ሲደርቅ ኮላ ይቀባል፣ የኮላው ነጭነት ጠፍቶ ጣት መያዝ ሲጀምር ፎይሉ ይለጠፋል፣ በማንኪያ ይታሻል፣ የፎይሉ ላስቲክም ሲላጥ ወርቁ ይቀራል።

በመጀመሪያው ውጊያ ግን የኦቦ ጉርሙ ትዕግሥት ከኮላው ቀድሞ አለቀ። በሙከራ ሸራ ላይ ኮላው ገና እንደ ወተት ነጭ ሳለ ፎይሉን ቢጭኑበት እንደ ተልባ አንሸራተተው፤ ወርቁም ሸራውን ትቶ በጢማቸው ላይ ነገሠ። ወይዘሮ ጉዴ ለሦስት ቀን እያዩዋቸው ሳቁ።

ሐሙስ ዕለት ሁለተኛው ውጊያ ሆነ። የሃዊን መልክ ከነሙሉ ፀጉሯ ሥለው አደረቁ፤ ከፊቷ በቀር ሰማዩን፣ ቀሚሷን፣ ይልቁንም ፀጉሯን ወርቅ ሊያለብሱ ቆርጠው ምሳ ሊበሉ ገቡ። በዚህ መካከል አዴ ድንቅቱ ወደ ሥዕሉ ቀረቡ፤ ሙሽራይቱንም ራሷ ደርቆ አዩዋት። አንጀታቸው አልቻለምና ለጋ ቅቤ አምጥተው የተሣለውን ፀጉር ከግንባር እስከ ጫፍ ለቀለቁት፤ «ሆሪ! ቡሊ!» ብለውም መርቀው ወጡ።

ኦቦ ጉርሙ ይህን ሳያውቁ ከፊቷ በቀር ሁሉን ኮላ ቀቡ፣ በቁጡ ልጅ ፊት እንደ ቆመ ሽማግሌ ታግሠው ጠበቁ፣ ለጠፉ፣ አሹ፣ ላጡ። ወሶበ ርእየ ዘንተ፣ ሥራቸውን ባዩ ጊዜ፣ ሰማዩ ወርቅ፣ ቀሚሱ ወርቅ፣ ፀጉሩ ግን የብርሃን ፍንጣሪ እንኳ አልነካውም። ሁለተኛ ኮላ ቢቀቡ ተንከባለለ፤ ሦስተኛ ቢቀቡ ፈሰሰ። ፎይል የቀረው መዳፍ የሚያህል ብቻ ነበር። የቀለም ባልዲው ላይ ተቀምጠው ብሩሻቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋደሙት፤ ሊሰብሩት ነበር።

አዴ ድንቅቱ ይህን ጊዜ ከደጅ አወጁ፦ «ሙሽራ ራሷ ደርቆ ከቤት ትውጣ? እኔ እያለሁ? ቀባኋት!»

ወንድምየው ኦቦ ጉርሙ ጮኸው ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሃዊ ገባች። ከሥዕሉ ላይ ቅቤውንና ኮላውን በጨርቅ ብትጠርግ፣ የተሣለው ፀጉሯ በዚያ ሁሉ ወርቅ መካከል ጥቁር፣ ወዛም፣ ሕያው ሆኖ ወጣ። ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያም አባቷን አቅፋ ከእንባ ጋር አወጀች፦ «አባዬ፣ ይኼ እኔው ነኝ። ባነር የሚባል በሠርጌ እንዳላይ!»

በሠርጉም ቀን ሥዕሉ ተሰቀለ፤ ሰው ከሙሽራው ይልቅ ለእሱ አጨበጨበ። ለሜሳ ግን በስልኩ አንሥቶት ሄዶ፣ እኔም በግማሽ ቀን አወጣዋለሁ ብሎ አተመው። ማሽኑ ጥቁሩን አወጣ፣ ቀዩን አወጣ፤ ወርቁ ግን ደብዝዞ የሰናፍጭ መልክ ሆኖ ቀረ። ሦስት ጊዜ አትሞ ሦስት ጊዜ ሰናፍጭ ባየ ጊዜ የተሸነፈ መኰንን እንደሚያደርገው ወደ ኦቦ ጉርሙ ደጅ መጥቶ አወጀ፦ «ኦቦ ጉርሙ፣ እኔም ማሽኔም ገብረናል። የማተሚያ ቤቴን ታፔላ እርስዎ ይጻፉልኝ!»

እነሆ በአምቦ ከተማ «ባነር እናትማለን» የሚለው ቃል በሰው እጅ፣ በወርቅ ተጽፎ ያበራል። ስብሐት ለሥዩመ ቀለም፣ ለመዋዔ ሰናፍጭ፣ ቀለሙ ለማይለቅ፣ እጁ ለማይታተም ለኦቦ ጉርሙ! ዘመኑ ይርዘም፣ ብሩሹ አይድረቅ!