ወይዘሮ ካሰችና መልስ ያላገኙ ጉዳዮች

ይህን ጽሑፍ ልተወው ጥቂት ነበር የቀረኝ። ስለ ሰው መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ከሰው ይልቅ ከመጽሐፍ ጋር የምውለው ድፍረት ስላነሰኝ ነው።

ሆኖም በየማኅበሩ፣ በየዕድሩና በየመሥሪያ ቤቱ ማንም ሳይሾመው ሥርዓት አስከባሪ የሚሆን አንድ ሰው አይጠፋም። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚናገር፣ ቃለ ጉባኤው በየትኛው ማኅደር እንደሚቀመጥ የሚወስነው እርሱ ነው። ሁሉም ያማርረዋል፤ እርሱ የቀረ ዕለት ግን ስብሰባው ስብሰባ አይሆንም። በእኛ ቡድን ይህ ማዕረግ የክብርት ወይዘሮ ካሰች ነበር።

ቡድናችን በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመ የጀማሪ ፕሮግራመሮች የኢሜይል መለዋወጫ ነበር፤ አንዱ የጻፈው ለሁሉም ይደርሳል። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከማንኩሳ ሠላሳ አራት ሰዎች ነበርን። አብዛኞቻችን ተማሪዎች ስንሆን ወይዘሮ ካሰች ቡሬ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ኢንተርኔት የሚያገኙት በምሳ ሰዓት፣ አለቃቸው ሲወጡ ነበር።

በገቡ በሳምንታቸው መልእክቶቻችንን እንደ ደብዳቤ ገቢ ያደርጓቸው ጀመር። እያንዳንዱ መልእክት ቁጥር ተሰጠው። ሁለት ጥያቄ ባንድ ላይ የላከ ሁሉ «አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ጉዳይ» የሚል ተግሣጽ ደረሰው። ለሠላሳ አራት ሰው «እሺ» ብቻ ብሎ የጻፈው ባዬ ስለ እሺታው ዝርዝር ማብራሪያ ተጠየቀ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ «መልስ ያላገኙ ጉዳዮች» የሚል ዝርዝር ከነጠያቂው ስም ይላክልን ነበር። የቡድኑ ቀልደኛ ትዕዛዙ፣ እትዬ ካሰች ገነት በር ላይ ሲደርሱ ቅዱስ ጴጥሮስን የሚጠይቁት ስለ ኃጢአታቸው ሳይሆን ስለ ገቢ መዝገቡ ነው ብሎ ጻፈ። ቀልዱ ርዕስ ስለሌለው ተመለሰለት።

እኔ ያደግሁት ሰከላ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ጉዳዩን አንጠልጥሎ ዘው አይልም። ከብቱ፣ አዝመራው፣ የጎረቤቱ ደኅንነት ተጠይቆ ያበቃና ሊሰናበት ሲነሣ ነው የመጣበትን የሚያወጣው። እኔም ወጉን ጠብቄ ጥያቄዬን ከሃያ መስመር ሰላምታ በታች አኖርሁት። እዚያ ድረስ ወርዶ ያነበበ አልተገኘም።

ጥያቄው ግን የሞት ሽረት ነበር። የፕሮግራም ትምህርቱን አንድ ጊዜ ወድቄዋለሁ፤ ሰኔ ሳያልቅ የሚሠራ ፕሮግራም ካላሳየሁ ከኮሌጁ እሰናበታለሁ። አባቴ ደግሞ ልጃቸው ኮምፒዩተር እንደሚያዝዝ ለጽዋ ማኅበራቸው ሁሉ ተናግረዋል።

ያነበቡት ወይዘሮ ካሰች ነበሩ። ሰላምታዬን በሙሉ ቆረጡና የቀረውን በዓርቡ ዝርዝር አወጡት፦ «ከአንድ እስከ አሥር እንዲቆጥር የታዘዘ ፕሮግራም አንድ ላይ ቀርቶ ለምን አያልፍም? ጠያቂ፦ ተማሪ ፀጋው።»

እንዲህ ራቁቱን ሲቆም የሕፃን ጥያቄ ነበር። ቀልደኛው ትዕዛዙ፣ «ፕሮግራሙ እንደ ጌታው ዓይን አፋር ስለሆነ ነው» አለ። በቀጣዩ ዓርብ እንደገና ወጣ፤ በሦስተኛውም። ከዝርዝሩ እንዲያወጡልኝ ለብቻቸው ለመንኋቸው። የመለሱልኝ አንድ መስመር ነው።

«ጉዳይ የሚዘጋው መልስ ሲያገኝ ነው። እፍረት ጉዳይ አይዘጋም።»

ከቡድኑ ሥራውን በደንብ የሚያውቀው፣ ግን ከስንት አንዴ ብቅ የሚለው ምስክር የተባለው አባል ነበር። በአራተኛው ዓርብ ስልክ ደወሉለት። ኋላ እንደነገረኝ፣ «አቶ ምስክር፣ በእርስዎ እጅ ያለ ጉዳይ አራት ሳምንት ሆኖታል» ብለው ስልኩን ዘጉ። እሱም ደንግጦ በዚያው ቀን መለሰልኝ፦ ቆጣሪው ላይ በየዙሩ አንድ እንዲጨመር አላዘዝሁም ነበር። ፕሮግራሙ አሥር ደረሰ፤ እኔም አለፍሁ።

ለምስጋና ቡሬ ሄድሁ። ወይዘሮ ካሰች አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። መልእክቶቻችንን ሁሉ አትመው በአንድ ማኅደር አኑረዋቸዋል። የእኔን ልፈልግ ስገልጥ ከሁሉ ሥር ቁጥር አንድን አየሁ። ጠያቂዋ ራሳቸው ነበሩ። መዝገቡ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ይዛወራል መባሉን፣ ኮምፒዩተር የማያውቅ ሠራተኛ ምን እንደሚሆን ግን የነገራቸው አለመኖሩን ጽፈው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ያገላበጠ ሰው ይህን ትምህርት ከየት እንደሚጀምር ይጠይቃሉ። «ተመልሷል» የሚል ምልክት የለበትም። በዓርብ ዝርዝር ላይም አንድ ቀን አላየሁትም።

«ይሄኛውስ?» አልኋቸው።

«እሱ ይቆይ፤ የእናንተ ጉዳይ ፈተና አለበት» አሉና ማኅደሩን ከእጄ ተቀብለው ወደ መደርደሪያው መለሱት።

ቡድኑ በዓመቱ ተበተነ፤ መዝገቡም ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ። እርሳቸው የት እንደደረሱ አላውቅም። ለቁጥር አንድ መልስ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ከሰላምታው አላለፍሁም። ወይዘሮ ካሰች መልስ ይገባቸዋል።