አምባዛው ያልበላቸው

ትልቅ ትንሹን ይበላል ይባላል። እኔም አምን ነበር፤ ቆጥሬ እስካይ ድረስ። መቁጠር ክፉ ልማድ ነው፤ ሰው ተስማምቶ የሚኖርበትን ሁሉ ያናጋል።

በጣሊያን ጊዜ፣ ዛሬ ካዛንቺስ ከምንለው ሰፈር በታች፣ ግንፍሌ ወንዝ ውስጥ ትል እቆጥር ነበር። አትሳቁ፤ ደመወዝም የይለፍ ወረቀትም ያለው ሥራ ነው። አሠሪዬ፣ ዓሣ የሚያጠና አንድ ጣሊያናዊ፣ ሁለት የሽቦ ሳጥን ከነድንጋያቸው ወንዙ ውስጥ አስቀምጦ ባንደኛው አምባዛ ከተተ። አምባዛ ከወንዝ ወለል ተጋድሞ ያገኘውን የሚውጥ ዓሣ ነው። ቅርፊት ስለሌለው ደግሞ ርኩስ ነው እያሉ አከራዬ እትዬ ውድነሽ እጄን በአመድ ሳልታጠብ ደጃፋቸውን አያስረግጡኝም ነበር።

በየጠዋቱ ድንጋዮቹ ላይ ያሉትን ትሎች እቆጥራለሁ። አምባዛ ካለበት ሳጥን አርባ ጎደሉ። ጣሊያኑ «በላቸው» ብሎ ተደሰተና ዓሣውን ቀደደው፤ ሆዱ ባዶ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሌላ አምባዛ አስገባና ወደ እኔ ዞረ። ጥፋቱ የቆጣሪው መሆን አለበት፤ እስከ ሰኞ አርባዎቹ ካልተገኙ ወረቀቱን እንድመልስ ነገረኝ። ያለ ወረቀት ደግሞ ከቤቴ ለገሃር የሚያደርስ እግር የለኝም። ሦስቴ ደግሜ ቆጠርኩ። ራሴን እንጂ ትሎቹን አልተጠራጠርኩም።

ምስር ለሚለቅሙት ለእትዬ ውድነሽ ጭንቀቴን አወራሁ።

«ካራቢኜሩ ጠመንጃውን ይዞ በመንደራችን ሲያልፍ ስንት ሰው ይታያል?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ማንም።»

«ታዲያ በላን እንዴ?»

በማግስቱ ድንጋዮቹን ገለበጥኩ። ከሥር ተለጥፈው ሠላሳ ሰባት። ስለ ሦስቱ አምባዛው ይጠየቅ።

ጣሊያኑ አቀፈኝ። «ላዩን ብቻ የቆጠረ አልቆጠረም፤ ከእንግዲህ ድንጋይ ሁሉ ይገለበጥ» አለ። ደስታዬ እስከ በሩ ድረስ ነበር። ይህ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ካርታ የሚጫወተው የሰፈራችንን ነዋሪ ከሚመዘግበው ሹም ጋር ነው። በዚያ መዝገብ የእትዬ ውድነሽ ቤት ሁለት ሰው ነው፤ እሳቸውና እኔ። ከጎታው ጀርባ፣ ከጫካ የተመለሰው ወንድማቸው አለ። የማገላበጡን ጥበብ አስተማርኳቸው ማለት ነው!

በየቅዳሜው ስለ ሴትና ስለ መኮሮኒ ብቻ እንዲያወሩ ተሳልኩ። ስለቴ ሰመረ መሰለኝ፤ ጣሊያን እስኪወጣ ጎታውን ማንም አልነካው። ምሁርና ሹም ካርታ ላይ ሥራ አያወሩም።

እትዬ ውድነሽ ግን ልማድ ሆኖባቸዋል። ባለፈው ሰሞን የራሳችን መንግሥት ቆጣሪ ሲመጣ፣ ሦስታችንም አንድ ማዕድ ከበን እየበላን ነበር።

«ሁለት ነን» አሉት።

እኔም ወንድማቸውን አጎረስኩ።